በአሰልጣኝ ላይ በምን እንፈርዳለን? ስለ ውሳኔ፣ ስለ ውጤትና ስለ ደጋፊ ፍርድ

በዲላ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ማስታወቂያው ላይ «ኳስና ሩጫ» የሚለውን ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼ «የሥነ ልቦና መምህር ምን አገባው?» ብለው ቀልደውብኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ስፖርት ከማናችሁም የበለጠ አላውቅም። ነገር ግን የሰው ልጅ ውሳኔ በአደባባይ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ውጤቱም ወዲያው ታውቆ የሚታይበት ቦታ ከስፖርት ሜዳ ሌላ ብዙ የለም። ሐኪም በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የወሰነውን ሕዝብ አያየውም። አሰልጣኝ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግብ ጠባቂ ሲቀይር ግን ከለንደን እስከ ዲላ ያለው ተመልካች ሁሉ ዳኛ ይሆናል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የውድድሮቹን ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የጥናቶቹን ብቻ እንደታተሙበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እተወዋለሁ።

ነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ቼልሲና ቪያሪያል በቤልፋስት ለአውሮፓ ሱፐር ካፕ ተጋጥመው ጭማሪው ሰዓት 1 ለ 1 ሊጠናቀቅ ተቃረበ። የቼልሲው አሰልጣኝ ቶማስ ቱሄል ጨዋታውን በሙሉ ግቡን ሲጠብቅ የቆየውን ኤድዋርድ ሜንዲን አስወጥቶ ለመለያ ምቱ ብቻ ኬፓ አሪዛባላጋን አስገባ። ኬፓ ሁለት ምቶች አዳነ፤ ቼልሲ 6 ለ 5 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቱሄል ከጨዋታው በኋላ ሲናገር፣ ቅያሪው የአፍታ ስሜት እንዳልወለደው፣ በፍጹም ቅጣት ምት ረገድ ኬፓ የተሻለ ቁጥር እንዳለው አስቀድሞ ተጠንቶ ለግብ ጠባቂዎቹም እንደተነገራቸው ገለጸ። በማግስቱ አሰልጣኙን ሊቅ ያላለ አልነበረም።

ስድስት ወር ተኩል አለፈ። የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በዌምብሌይ የሊግ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲና ሊቨርፑል ጭማሪውን ሰዓት ጨምሮ ያለ ግብ ቆዩ። ያው አሰልጣኝ፣ በዚያው ምክንያት፣ ያንኑ ግብ ጠባቂ አስወጥቶ ያንኑ ግብ ጠባቂ አስገባ። ከዚያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሃያ አንድ ምቶች ተከታትለው ገቡ። ኬፓ ከተመቱበት አሥራ አንድ ኳሶች አንዱንም አላዳነም፤ ሃያ ሁለተኛውን ራሱ መትቶ ከአግዳሚው በላይ ሰደደው። ሊቨርፑል 11 ለ 10 አሸነፈ።

ያን ምሽት እዚሁ ከተማ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቅያሪው ሲደረግ ከኋላዬ የነበሩ የቼልሲ ደጋፊዎች አጨበጨቡ፤ «እንደ ሱፐር ካፑ!» ያለም ነበር። ኳሷ ወደ ሰማይ ስትሄድ ከእነዚያው መካከል አንዱ ተነሥቶ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ገና ሲያስገባው ነው ያወቅሁት» አለ። ሲያስገባው ያጨበጨበበት እጁ ገና አልቀዘቀዘም።

የመጀመሪያው ሰው ተቆጥቷል፤ ቁጣው የደጋፊ መብቱ ነው። ለሙያዬ የሚጠቅመው ሁለተኛው ሰው ነው። አይዋሽም። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ያሰበውን በእርግጥ ረስቶታል፤ በቦታው ውጤቱ የጻፈለትን አዲስ ትዝታ ተክቶበታል። ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት ያሳየን ይህንኑ ነበር፦ ሰው የአንድን ክስተት መጨረሻ ከሰማ በኋላ ያ መጨረሻ ከመጀመሪያውም የማይቀር ይመስለዋል፤ ባይሰማ ኖሮ ምን ሊገምት እንደሚችል እንኳ በትክክል መመለስ ያቅተዋል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለዋል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ ትንሽ ይብሳል፤ ውሻው ጅቡ ሳይመጣ እንደጮኸ አምኖ ያድራል።

ከዚህ ጋር ወንድማማች የሆነ ሌላ ግኝት አለ። ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ለተሳታፊዎች ስለ አንድ ሐኪም ታሪክ አቀረቡ። ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን አደጋና ጥቅም አመዛዝኖ ይወስናል። ለአንዳንዶቹ በሽተኛው እንደዳነ፣ ለሌሎቹ እንደሞተ ተነገራቸው። በሽተኛው ሞተ የተባሉት፣ ሐኪሙ ያወቀውና ያሰበው ፍጹም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የውሳኔውን ጥራት ዝቅ አድርገው መዘኑት። በዘርፉ ይህ የውጤት አድልዎ ይባላል።

ስለዚህ አድልዎ እጅግ ጥርት ያለ ምሳሌ የሚሰጠን እኛ ዘንድ የማይዘወተር ጨዋታ ነው፤ ቤዝቦል። ደንቡን በዝርዝር አላስረዳችሁም፤ ሦስት ነገር ይበቃናል። ወርዋሪው ኳስ በወረወረ ቁጥር ክንዱ ይዝላል። የተቃራኒ ቡድን መቺዎች ደጋግመው ባዩት ቁጥር ይለምዱታል። አንዴ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ የአሰልጣኙ ትልቁ ጭንቀት «አሁን ላውጣው ወይስ ትንሽ ልታገሠው?» የሚለው ነው። በጥቅምት 1996 ዓ.ም. ቦስተን ሬድ ሶክስ በኒውዮርክ ያንኪስ ላይ 5 ለ 2 ሲመራ አሰልጣኙ ግሬዲ ሊትል የደከመውን ኮከቡን ፔድሮ ማርቲኔዝን ሜዳ ላይ አቆየው። ያንኪስ አቻ ሆነ፣ በተጨማሪ ጨዋታም 6 ለ 5 አሸነፈ፤ የሊትል ውል ሳይታደስ ቀረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የታምፓ ቤይ አሰልጣኝ ኬቨን ካሽ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ 1 ለ 0 እየመራ፣ ገና 73 ኳስ የወረወረውንና ማንም ያልደፈረውን ብሌክ ስኔልን ስታቲስቲክስ አምኖ አስወጣው። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወዲያው መሪነቱን ነጥቆ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ሻምፒዮናውንም አጠቃለለ። አንዱ ባለማውጣቱ፣ ሌላው በማውጣቱ ተወገዙ። በሁለቱ መካከል በነበሩት አሥራ ሰባት ዓመታት ጨዋታው ከላይ እስከ ታች በቁጥር ተመርምሯል፤ የደጋፊው ፍርድ መለኪያ ግን ያው የመጨረሻው ሰሌዳ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ዘንድ «ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቅር» የሚለው ጥያቄ እስከ ቤተሰብ ማዕድ የሚደርሰው በማራቶን ነው።

አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ አርባ ቀን ገደማ አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ቢሆንም ተሰለፈ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ እግሩን ታምሞ እያለ እንደገና ተሰለፈ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ውድድሩን አቋረጠ። በዚያው ቀን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የቶኪዮውን ለልጆቻችን የጀግንነት ታሪክ አድርገን እንነግራቸዋለን፤ የሜክሲኮውን በማሞ ድል ሸፍነን እናልፈዋለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ገና ያላገገመ ሯጭ ማሰለፍ ጥሩ ውሳኔ ነውን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጥያቄው አበበን ዝቅ አያደርገውም፤ የሰውየው ታላቅነት ከጥያቄው በላይ ነው። ሆኖም ከቶኪዮ ብቻ የተማረ አሰልጣኝ የታመመ ኮከብ ሁሉ እንደ አበበ የሚነሣ ይመስለዋል። መልካም ውጤት ክፉ መምህር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ከሩጫ ይልቅ የሚመርር ማስረጃ ከእግር ኳሳችን አለን። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ከሜዳቸው ውጭ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ሲረቱ አገሩ በደስታ ተናወጠ፤ ከምድቡ አልፈናል ተባለ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት ሲገባው በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ ጨዋታው 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። እንደ ዕድል ሆኖ በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈን ለመጨረሻው የደርሶ መልስ ግጥሚያ በቃን፤ በዚያም ናይጄሪያ ጣለችን። እኔን የሚያስጨንቀኝ በሰኔ 1 እና በሰኔ 9 መካከል የነበረው ሳምንት ነው። ካርዶቹን መዝግቦ የሚይዝ ሰው አለ ወይስ የለም ብሎ በዚያ ሳምንት የጠየቀ ደጋፊ ነበርን? አሸንፈን ነበራ!

ሦስተኛው ጉዳይ ቅርብ ነው፤ ከመካከላችሁ ብዙዎች ተከራክራችሁበታል። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን የሚሮጡትን ለመምረጥ ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተካሄደ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ከአንድ እስከ ሦስት ወጥተው ተመረጡ። በ2012 መግቢያ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ የሮጠው ቀነኒሳ በቀለ በማጣሪያው አልተሳተፈም፤ ከቡድኑም ቀረ። በነሐሴ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም ሯጮቻችን ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ያን ጊዜ የተሰማው ፍርድ አንድ ነበር፦ «ቀነኒሳ ቢኖር ኖሮ!»

ሦስት ዓመት ቆይቶ ቀነኒሳ ለፓሪስ ተመረጠ። ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቶ ነበርና መመረጡ ያስገርም አልነበረም። ሲሳይ ለማም ተመረጠ፤ ቫሌንሲያን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ ቀጥሎም ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። በ2014 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ከዚያም ኒውዮርክን ያሸነፈው ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተያዘ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቁን አመጣ። ቀነኒሳ 39ኛ ሆነ።

እስቲ አሁን ፍረዱ። ታምራትን ተጠባባቂ ማድረግ ስሕተት ነበርን? በውጤት ከፈረድን፣ አዎ። በሐምሌ መጀመሪያ በሚታወቀው ከፈረድን፣ ከቦስተን አሸናፊ ቀድሞ ታምራት ይግባ የሚል ጠንካራ ማስረጃ አልነበረም፤ የኮረብታውን የፓሪስ ጎዳና አይቶ የኒውዮርክን ዳገት የቻለ ሯጭ ይመረጥ የሚል ክርክር ግን ሊቀርብ ይችል ነበር። ክርክሩ ቀርቦ ይሆን? ቀርቦ ከነበረ ለምን ተጣለ? እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁበት ነጥብ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል።

የውጤት አድልዎን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ነገሩን እንደ አእምሮ ድክመት ያቀርቡታል። ደጋፊ ስሜታዊ ነው፣ ባለሙያው ግን ያመዛዝናል፤ ስለዚህ ባለሙያውን ተዉት እንደማለት ነው። ይህን አልቀበልም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ወጣት በውጤት የሚፈርደው በአብዛኛው ሌላ የሚፈርድበት ነገር ስላልተሰጠው ነው። በእኛ አገር የስም ዝርዝር ይወጣል፤ ምክንያት ግን እምብዛም አይወጣም። የሰበታው ማጣሪያ መስፈርቱ ግልጽ ነበር፤ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ይሄዳል። በአንድ ቀን ሩጫ፣ ያውም ሦስት ወር ቀርቶት፣ በከፍታ ቦታ ላይ የተደረገ ማጣሪያ ለሳፖሮ ሙቀት ማን እንደሚሻል እንዴት ይለያል የሚለው ግን ከውድድሩ በፊት በሰፊው አልተብራራልንም። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ምክንያቱን ሊመዝን አይችልም። በእጁ የቀረው ሰሌዳው ነው።

ቱሄልን ተመልከቱት። ከሱፐር ካፑ በኋላ ምክንያቱን ተናግሮ ስለነበር፣ በየካቲት ሲሸነፍ ቢያንስ አንዳንድ ጋዜጠኞችና ደጋፊዎች «ያው ምክንያት ነው፤ በነሐሴ ትክክል ከነበረ ዛሬም ትክክል ነው» ለማለት መሠረት ነበራቸው። ክርክሩ ከስድብ ወደ ቁጥር የሚሸጋገርበት በር ተከፍቶላቸው ነበር። በሜንዲ ያን ዕለት ድንቅ ብቃት ፊት ያ ቁጥር ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል ብሎ የጠየቀም ነበር፤ ይህ ደግሞ ከአሰልጣኙ እኩል የሚያስብ ደጋፊ ጥያቄ ነው።

ጉዳቱ በደጋፊው ዘንድ ብቻ ቢቀር ኖሮ ለዚህ መድረክ ባላመጣሁትም ነበር። ፍርዱ ተመልሶ ወሳኙን ይሠራዋል። ባር-ኤሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 286 የፍጹም ቅጣት ምቶችን መረመሩ። ከመቶ ሃያ ዘጠኝ ገደማ የሚሆኑት ወደ ግቡ መካከል የተመቱ ነበሩ፤ ግብ ጠባቂዎቹ ግን ከመቶ ስድስት ገደማ በሚሆኑት ብቻ ነው መካከል ላይ የቆሙት። ቆሞ ግብ የሚገባበት ግብ ጠባቂ «ምንም አልሞከረም» ይባላል፤ ዘልሎ ሲገባበት «ዕድል አጣ» ይባላል። ስለዚህ ይዘላል። የኛም አሰልጣኝ፣ መራጭ፣ ኃላፊ እንዲሁ ነው፤ ለቡድኑ የሚበጀውን ትቶ ለራሱ የማያስወቅሰውን ይመርጣል። ስም ያለውን ያሰልፋል፤ ስም ያለው ቢወድቅ ማንም አይወቅሰውምና። በየክፍሉ የምናየው የሥራ ዘመን አብዛኛው በዚህ ስሌት ይመራል ብዬ እሰጋለሁ። ስፖርቱ ብቻውን አይደለም።

በጌዴኦ ምድር ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ገበሬው በቅጡ ያውቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ባለቤት እያንዳንዱ ይወስናል፦ እሸቱን ዛሬ ለማጠቢያ ጣቢያ ልሽጥ፣ ወይስ አድርቄ ጀንፈል አድርጌ ዋጋ ልጠብቅ? የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ ዝናብ አለ፤ የገበያ ወሬ አለ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወርዶ የቡና ዛፍ ሲያቃጥል የዓለም ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። በዚያ ወቅት ጀንፈል በጎተራው የነበረው ሰው ብልህ፣ እሸቱን የሸጠው ሞኝ ተባለ። ብልህ የተባለው ሰው ግን በጥቅምት ስለ ብራዚል ውርጭ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በሌላ ዓመት በዚያው መንገድ የጠበቀ ሰው ዋጋ ወድቆበት ያለቅሳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ገበሬው ጎረቤቱ ለምን እንደሸጠ ያውቃል። ልጁ ታምሞበት እንደነበር፣ ጣራው ያፈስስ እንደነበር ያውቃል፤ ስለዚህ ፍርዱ ይለዝባል። የሶንጎ ሽማግሌዎችም ነገር ሲሰሙ «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለው አይነሡም፤ እያንዳንዱ ወገን በጊዜው ያየውንና ያሰበውን በአደባባይ ያስነግሩታል። ከፌዴሬሽኖቻችን የምጠይቀው ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

«ውጤት አይቆጠርም እያልህ ነውን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይቆጠራል። አንድ ውሳኔ ሃያ ጊዜ ተደጋግሞ አሥራ ስምንት ጊዜ ከከሸፈ፣ ውጤቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ «አካሄዳችን ትክክል ነበር» እያለ በዚያ የሚሸሸግ አሰልጣኝ ካለ ይሰናበት። በእኛ ዘንድ ችግሩ ከአንድ ጨዋታ ሃያ ጨዋታ የሚያህል ፍርድ ማውጣታችን ነው። በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣ ማራቶን የመራጮችን ጥበብ በሜዳሊያ ብቻ መለካት፣ አንድ ሳንቲም አንዴ ወርውሮ ስለ ሳንቲሙ መጽሐፍ እንደመጻፍ ነው።

ከመካከላችሁ ነገ አሰልጣኝ፣ መምህር፣ የመምሪያ ኃላፊ የምትሆኑ አላችሁ። ለእናንተ አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከነጥብ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ አትደንግጡ። በሚቀጥለው የጌዴኦ ዲላ የሴቶች ቡድን ጨዋታ፣ ወይም የምትከታተሉት ሌላ ጨዋታ፣ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱ። ማን ይሰለፍ ትላላችሁ? ለምን? ስንት ለስንት ሆኖ ቢደርስ ማንን ታስወጣላችሁ? ጻፉት፤ ቀኑን አስፍሩበት፤ አጥፋችሁ ለጓደኛችሁ ስጡ። አሰልጣኙን ከመውቀሳችሁ ወይም ከማመስገናችሁ በፊት ወረቀቱን አስከፍቱ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ጋር ስሞክረው፣ ወረቀቱ ሲከፈት በገዛ እጁ የጻፈውን «ይህ የኔ ጽሕፈት አይደለም» ብሎ የተከራከረ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ጽሕፈቱ የእርሱው ነበር።

ወረቀቶቻችሁን ለክፍላችን ጸሐፊ አስረክቡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ በ10 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን እናነባቸዋለን። የቡድኑን አሰልጣኞችም ለመጋበዝ እያሰብን ነው። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።